የንግድና የሥራ ጠብ በጅማ፦ ከሽማግሌ እስከ አስማሚ

ጅማ ውስጥ ሁለት ነጋዴዎች ተጣሉ ሲባል ቶሎ የሚከተለው ጥያቄ «ማን ገባበት?» የሚል ነው። ክስ በኋላ ይደረስበታል። የሚገባው ሰው በአማርኛ ሽማግሌ፣ በኦሮምኛ ጃርሳ ነው፤ ሥራው ደግሞ ጃርሱማ። በአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከሩቅ የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ነበር። ዛሬም የከተማዋ ንግድ በትውውቅና በእምነት ነው የሚንቀሳቀስ።

ብዙው ጠብ ቡና ቡና ይሸታል። ቡና ሰብሳቢው ከአቅራቢው ነጋዴ ቅድሚያ ብር ወስዶ ከገበሬ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ይገዛል። በመሃል ዋጋ ይወጣና ቡናውን ለሌላ ይሸጠዋል። ወይም በደንብ ያልደረቀ ቡና ያመጣል። ውል የለም፤ ቢበዛ ደብተር ላይ የተጫረ ሂሳብ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ጨከን ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር ብቻ እንዲረጋገጥ አይፈቅድም፤ ጽሑፍ ወይም ፍርድ ቤት ፊት የሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ይፈልጋል። 500 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ስለዚህ ብሩ ብድር ነው ከተባለ አበዳሪው ችሎት ፊት እጁ ባዶ ነው። ሽማግሌ ፊት ግን ሠፈሩ የሚያውቀው ነገር ይቆጠርለታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለቱም ወገን የሚያምኑትን ሽማግሌ ይመርጣሉ፣ ሽማግሌዎቹን የሚመራ አንድ ሰው ይጨመራል። አንዳንዴ «ቃሌን አልበላም» ለማለት መያዣ ያስይዛሉ። ሁለቱም ይናገራሉ፣ ከዚያ «እስቲ ገለል በሉ» ይባላሉ። ዋናው ሥራ ያኔ ነው። ሽማግሌዎቹ አንዱን ለብቻው ጠርተው «ምን ያህል ትተዋለህ?» ይሉታል፣ ሌላውን ደግሞ «በስንት ጊዜ ትከፍላለህ?» ይሉታል። ሲስማሙ አፉ ተባብለው ዱዓ ይደረጋል፣ ቡና ይጠጣል። በእኔ እይታ ጉድለቱ እዚህ ነው፤ ቡናው ተጠጥቶ ወረቀቱ ይረሳል። የእርቅ ስምምነት ተጽፎ ከተፈረመ በኋላ መካድ ከባድ ነው። በቃል የቀረው ግን በሚቀጥለው የቡና ወቅት እንደገና ይቀሰቀሳል።

ሽምግልናን ከግልግል ዳኝነት ጋር የሚያምታቱ አሉ። የግልግል ዳኛ ይፈርዳል፣ ፍርዱም ያስገድዳል። አስታራቂ አይፈርድም፤ ተከራካሪዎቹ እንዲስማሙ ያግዛል እንጂ። ሁለቱም አሁን የሚመሩት በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው።

የሥራ ቦታ ጠብ ሌላ መልክ አለው። በ2011 ዓ.ም የተከፈተው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ለከተማዋ የፋብሪካ ሥራ አምጥቷል። ሕጉ ክርክሩን ለሁለት ይከፍላል፤ የግልና የወል። የአንድ ሰው ስንብት የግል ነው፣ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የደመወዝ ጭማሪ ወይም የኅብረት ስምምነት የሠራተኛውን ሁሉ የሚነካ ስለሆነ የወል ነው። ለወል ክርክር በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መንግሥት አስማሚ፣ ማለትም ሁለቱን ወገን የሚያቀራርብ ሰው፣ ይመድባል። አስማሚው በ30 ቀን ካልተሳካለት ጉዳዩ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሊሄድ ይችላል።

ነጋዴ ለነጋዴ ሲሆን ነገ ገበያ መገናኘታቸው አይቀርም፣ ሁለቱም የሚያጡት አለ። አለቃና ተቀጣሪ ሲሆኑ ግን ሚዛኑ ያዘነብላል። «ልጄ፣ ተወው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ደካማው ነው። በተለይ ሴት ሠራተኛ ላይ የደረሰ ጥቃት በሽምግልና ሲሸፋፈን አልወደውም። ያ የእርቅ ጉዳይ አይደለም።

ሌላው ወጥመድ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ ነው። የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለውን ክስ በ3 ወር ውስጥ ካላቀረበ መብቱ ያልፋል። ያልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ በ6 ወር። «ከበዓል በኋላ እንገናኝ» ሲባል ቀኑ ይነጉዳል፤ ሽማግሌ ቤት መመላለስ ብቻውን ቆጠራውን አያቆመውም። ነገሩ የገባቸው ሠራተኞች ሽምግልናውን ሳያቋርጡ በጎን ክሱን ይከፍታሉ። ቅር የሚለው አሠሪ አይጠፋም። ፍርድ ቤት የገባ ጉዳይ ግን በየትኛውም ደረጃ በእርቅ ሊያልቅ ይችላል፤ ስምምነቱ ይቀርባል፣ ዳኛው ተቀብሎ ያጸድቀውና መዝገቡ ይዘጋል።