አልበም ትራክ ምንድን ነው?

የሬዲዮ ጣቢያው የእንግሊዙን ባንድ የዴፔሽ ሞድን «ኢንጆይ ዘ ሳይለንስ» በረጅሙ ስላጫወተ «አልበም ትራክ ለቀቁልን» የሚል አድማጭ በዛ። የተለቀቀው የነጠላ ዜማው የአልበም ቅጂ ነው፤ አልበም ትራክ ሌላ ነገር ነው።

አልበም ትራክ አልበሙ ውስጥ ኖሮ በነጠላ ዜማነት ያልወጣ ዘፈን ነው። ርዝመቱም ሆነ አለመታወቁ መለኪያ አይሆንም። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የዴፔሽ ሞድ አልበም «ቫዮሌተር» 9 ዘፈኖች አሉት። «ፐርሰናል ጂሰስ»፣ «ኢንጆይ ዘ ሳይለንስ»፣ «ፖሊሲ ኦቭ ትሩዝ» እና «ወርልድ ኢን ማይ አይስ» በነጠላ ወጥተዋል። አልበም ትራክ የሚባሉት የቀሩት 5ቱ ናቸው፤ «ሄይሎ» እና «ክሊን» ከነሱ ውስጥ ናቸው። «ሄይሎ እኮ ክሊፕ አለው» ብሎ የሚሟገት አለ። አለው፤ ግን ክሊፑ የተሠራው ለቪዲዮ ስብስብ ነው፣ ዘፈኑ በነጠላ አልተሸጠም።

አልበሙን እንደ መሶብ እዩት። ነጠላ ዜማ ከመሶቡ ተቆርሶ በር ላይ የሚቀርብ ቅምሻ ነው፤ አልበም ትራክን ለመቅመስ ግን ገብቶ መቀመጥ ግድ ነው። ያው ቅምሻ በትልቅ ሳህን ቢመጣ ሌላ ወጥ አይሆንም። «ዴንጀረስ» ደግሞ የ«ፐርሰናል ጂሰስ» ቢ ሳይድ (የነጠላው ሸክላ ጀርባ ላይ ያለ ዘፈን) ስለሆነ መሶቡ ላይ ጭራሽ አልወጣም፤ በኋለኛ እትም መጨመሩም አልበም ትራክ አያደርገውም።

የ«ኢንጆይ ዘ ሳይለንስ» የአልበም ፋይል ከ6 ደቂቃ በላይ የሚሄደው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ለብቻው ያልተቆጠረ አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ ስለተከተለው ነው። የመውጫ ምልክቱን (ዘፈኑ አልቆ አቅራቢው የሚገባበትን ነጥብ) ፋይሉ መጨረሻ ላይ የተወ ቴክኒሺያን አቅራቢውን ማይክ ፊት ያስጠብቀዋል። ምልክቱን ከ4 ደቂቃ በኋላ፣ ድምፁ በሚከስምበት ቦታ፣ በጆሮ እየሰማችሁ አስቀምጡ። «ብሉ ድረስ»ም ጭራው ላይ እንዲሁ ነው፤ መሸጋገሪያው የሚያደርሰው ወደ «ክሊን» ስለሆነ ወይ ሁለቱን አያይዛችሁ ልቀቁ፣ ወይ ቀድማችሁ ቁረጡ።

አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ስያሜው እንደ አገሩና እንደ ጊዜው ይለያያል። የጀርመኑ ባንድ የክራፍትወርክ «ዘ ሞዴል» የ1978ቱ (እ.ኤ.አ.) «ዘ ማን ማሺን» አልበም ውስጥ ያለ ዘፈን ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1981 የ«ኮምፒውተር ላቭ» ነጠላ ጀርባ ላይ ወጣ፤ የሬዲዮ ሰዎች ሸክላውን እየገለበጡ ሲያጫውቱት በነጠላ እንደገና ታተመና በየካቲት 1982 እ.ኤ.አ. በአገሩ የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። «ዘ ሞዴል»ን ዛሬ «የተረሳ አልበም ትራክ» ብሎ ማስተዋወቅ ስህተት ነው።