ኢምቦሊዝም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

“ኢምቦሊዝም ማለት የደም መርጋት ነው”

ብዙ ሰው የሚያውቀው እንዲህ ነው። ሁለቱ ይዛመዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ደም በሥር ውስጥ ረግቶ እዚያው ሲቀመጥ ሐኪሞች ትሮምቦሲስ ይሉታል። ኢምቦሊዝም የሚባለው ግን አንድ ነገር በደም ተወስዶ፣ ሄዶ ሄዶ፣ ማለፍ የማይችልበት ጠባብ ሥር ላይ ሲወተፍ ነው። ተጓዡ አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ደም ነው። ሌላም አለ፦ የጭን አጥንት ሲሰበር ከመቅኒው የሚወጣ ስብ፣ የአየር አረፋ፣ በጀርም ከተጠቃ የልብ ቫልቭ የተገነጠለ ቁራጭ፣ አልፎ አልፎም በወሊድ ጊዜ ወደ እናትየው ደም የሚገባ የሽርት ውሃ።

“ስሙ ከጥንት ጀምሮ የበሽታ ስም ነው”

አይደለም። ሥሩ ግሪክኛ ነው። “ኢምቦሎስ” ሽብልቅ ወይም ውታፍ እንደማለት ነው፤ የመጣውም ወደ ውስጥ መጣልን ወይም መክተትን ከሚገልጽ ግስ ነው። ከዚሁ ግስ የወጣው “ኢምቦሊስሞስ” ለዘመናት ያገለገለው ለዘመን ቆጠራ ነበር። የጨረቃና የፀሐይ ዓመት እንዲገጥሙ በመሃል የሚጨመረው ወር የሚጠራው በእሱ ነው።

ቃሉን ለሕክምና ያዋለው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾው ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1840ዎቹ። ያኔ አስከሬን ሲመረመር በሳንባ ሥር ውስጥ የደም ጓል ከተገኘ፣ እዚያው የተፈጠረ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ቪርኾው ይህን አልተቀበለም። ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የመጣ ነው አለ። በወሬ ብቻም አልተወውም። በውሾች አንገት የደም መልስ ሥር የጎማ ቁርጥራጭ ከተተ፤ በኋላም ቁርጥራጮቹን ከሳንባቸው ሥሮች ውስጥ አገኛቸው። ለእኔ ይህ ሙከራ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ካሉት ግልጽ ማስረጃዎች አንዱ ነው። የቃሉ አመራረጥም ከዚህ ይገባል፦ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚወትፍ።

“የታመመው ቦታ ነው ችግሩ የጀመረበት”

እዚህ ላይ መሳሳት ሕይወት ያስከፍላል። ደም መልስ ሥሮች እንደ ገባር ወንዞች ናቸው፤ ወደ ልብ በቀረቡ ቁጥር እየሰፉ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከእግር የተነቀለ ጓል መንገድ ላይ የሚያግደው የለም። በልብ ቀኝ በኩል አልፎ ሳንባ ሲደርስ ሥሮቹ እንደገና ይጠባሉ፤ እዚያ ይቀረቀራል። ሰውየው የሚያማርረው ደረቱን ነው፤ መነሻው ግን ባቱ ወይም ጭኑ ነው። በግራ የልብ ክፍል የተፈጠረ ጓል ደግሞ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ፣ ወይም የኩላሊትን፣ የአንጀትንና የእግርን ደም ሊያቋርጥ ይችላል። የልብ ምታቸው የተዛባ ብዙ ሰዎች ደም ማቅጠኛ የሚታዘዝላቸው ለዚህ ነው።

“በጉሉኮስ ቱቦ ትንሽ አረፋ ከገባ አለቀ”

አያልቅም። በደም መልስ ሥር የገባች ጥቂት አረፋ አብዛኛውን ጊዜ ሳንባ ላይ ቀርታ ትጠፋለች። አደገኛው ብዙ አየር በአንዴ ሲገባ ነው።

“ደም ማቅጠኛ የረጋውን ያሟሟል”

ሄፓሪንም ሆነ ዋርፋሪን የረጋውን አያሟሙም። ጓሉ እንዳያድግና አዲስ እንዳይፈጠር ይከላከላሉ፤ የማሟሟቱን ሥራ ቀስ በቀስ የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው። በቀጥታ የሚያሟሙ መድኃኒቶች አሉ፤ ደም የማፍሰስ አደጋቸው ከፍተኛ ስለሆነ የሚሰጡት ሁኔታው ሲከፋ ነው። ስለዚህ እብጠቱ ስለጎደለ ብቻ ክኒኑን ማቆም አይገባም። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 3 ወር ይወስዳል።

“ያበጠ ባት በማሸት ይድናል”

እባካችሁ አትሹት። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ፣ በተለይ ከቀዶ ሕክምና፣ ከወሊድ ወይም ለረጅም ጊዜ ከመተኛት በኋላ ከሆነ፣ በዚያው ቀን መታየት አለበት። በድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ አየር ሲስቡ ደረት ከወጋ፣ ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ ደግሞ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።