እስክንድር ቦጎሲያን፦ ከሸራ ወደ ክታብ፣ ከክታብ ወደ ቅርፊት

ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው፤ የአርመን ትውልድ ያላቸው አባቱ ደግሞ የክብር ዘበኛ መኮንን ነበሩ። ሥራውን በኖረባቸው ከተሞች መከፋፈል ተለምዷል። የአሣሣሉን ለውጥ ይበልጥ የሚያሳየው ግን ቀለሙን ያሳረፈበት ነገር ነው።

በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ተላከ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ ገብቶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። በዚያ የሠዓሊዎቹን የፖል ክሌን፣ የቺሊያዊውን የሮቤርቶ ማታንና የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራ አጠና። ዊፍሬዶ ላም የአያቶቹን መናፍስት ወደ ሸራ ማምጣቱ እስክንድር ፊቱን ወደ አገሩ ሥዕል እንዲመልስ ረድቶታል። ኒውዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የገዛው የ1964ቱ «የጁጁ ሠርግ» በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ ተሠርቷል። ሸራው ያኔም ጠብቦት ነበር ማለት ነው።

በ1966 ተመልሶ እስከ 1969 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ክታብ፣ ማለትም ጸሎትና ሥዕል ያለበት የብራና ጥቅልል፣ ሥራውን በደንብ የያዘው በዚህ ጊዜ ነው። ለክታብ ቆዳው ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ፀጉሩና ሥጋው ተፍቆ ይደርቃል። ከዚያ በጠባቡ ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ ይሰፋል፤ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው። ደብተራው ጸሎቱን በጥቁር፣ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ይጽፋል፤ በጽሑፉ መካከል ዓይናቸውን ያፈጠጡ ጠልሰሞችን (ከክፉ ይጠብቃሉ የሚባሉ ሥዕሎችን) ይሥላል። ክታብ እየተተረተረ ከላይ ወደ ታች ስለሚታይ መሐል የሚባል ቦታ የለውም። እስክንድርም ጠባብ ቁመቱን፣ ክፍል በክፍል መደርደሩንና ዓይኖቹን ወሰደ። ብዙ ተከታዮች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ ዓይኖቹን ብቻ ቀድተው በሸራው መሐል ሲያስቀምጧቸው ጌጥ ሆነው ይቀራሉ። ብራና ራሱም ያስቸግራል። እርጥበት ሲያገኝ ይሳባል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ወፍራም ቀለም ከተደረበበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀለሙን አቅጥኖ መደራረብ ያስፈልጋል።

በ1970 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከ1972 እስከ 2001 በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በዚህ ዘመን ካነሣቸው ነገሮች ትልቁ የኡጋንዳ የቅርፊት ጨርቅ ነው። ሙቱባ ከሚባል የሾላ ዘመድ የተላጠ ቅርፊት እርጥብ ሳለ በእንጨት መዶሻ ሲቀጠቀጥ ይሳሳል፣ ወርዱም እየሰፋ ይሄዳል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ቀይ ቡናማ ይሆናል። በ1981 በሠራው «የዘመን ዑደት 3» ቅርጹ ከጨርቁ ውስጥ ተገፍቶ የወጣ ነው። ቅርፊቱ ሲርስ ይታጠፋል፣ የያዘውንም ቅርጽ እንደያዘ ይደርቃል፤ እርጥበቱ ከበዛ ግን ጭረቱ ይለያያል፣ ይቀደዳል። ቡናማው መደብ የቅርፊቱ የራሱ መልክ በመሆኑ ሠዓሊው የሚጨምርበት ጥቂት ነው። በእኛ ግምት ከሥራዎቹ ሁሉ ረጋ ያሉት እነዚህ ናቸው።

በ2001 ከሠዓሊ ከበደች ተክለአብ ጋር በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ «ኔክሰስ»ን ሠራ። ከ15 ሜትር በላይ የሚረዝም የአሉሚኒየም ቅርጽ ነው። እዚህ ቀለም የለም፤ መስመሩን የሚሠሩት የብረቱ ጠርዝና ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጥላ ናቸው፤ ብርሃኑ በዞረ ቁጥር መስመሩም አብሮ ይለወጣል። እስክንድር በግንቦት 2003 እዚያው ዋሽንግተን አረፈ። ከተማሪዎቹ ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ፍላጭ ላይ ሲሥል፣ ወሰኔ ኮስሮፍ ደግሞ ፊደልን ራሱን ሥዕል አድርጎታል።