ስህተትን ለሥራ ባልደረባ ስለመንገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ በየጋራዡና በየፋብሪካው የተሳካ ሥራ በደንብ ይወራል። የተበላሸው ግን ተውጦ ይቀራል። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁ እነዚህን ትሰማላችሁ።

«ጉዳት ካልደረሰ ምን ይወራል? ተመስገን ብሎ ማለፍ ነው።»

ተመስገን ይባል፤ ግን ይነገርም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1974 ቲደብሊውኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ የበረራ ቁጥር 514፣ ዋሽንግተን አካባቢ ለማረፍ ሲቃረብ ቨርጂኒያ ውስጥ ከተራራ ጋር ተጋጨ። የተሳፈሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አብራሪዎቹ የማረፍ ፈቃዱን ሲሰሙ ወዲያው ዝቅ ማለት የሚቻል መስሏቸው ነበር። ከሳምንታት በፊት ዩናይትድ የተባለ የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎችም እዚያው ቦታ በዚሁ ስህተት ለጥቂት ተርፈዋል። ዩናይትድ የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ወሬው ቲደብሊውኤ ጋ አልደረሰም። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

«ከተናገርኩ እንጀራዬን አጣለሁ።»

ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ የሚቀጣ አለቃ አለ። ስለዚህ ሠራተኛውን «አትፍራ» ከማለት በፊት አሠራሩ ይስተካከል። ከዚያ አደጋ በኋላ፣ በ1976፣ አሜሪካ አብራሪዎች ስህተታቸውን ለጠፈርና ለበረራ ምርምር ተቋሙ ለናሳ የሚያሳውቁበት ሥርዓት ዘረጋች። ናሳ መቅጣት አይችልም፤ የተናጋሪውንም ስም ከሪፖርቱ ላይ ይሰርዘዋል። ሳያውቅ ደንብ የጣሰ አብራሪ በ10 ቀን ውስጥ ካሳወቀ በአብዛኛው ከቅጣት ይድናል፤ ወንጀል ከሆነ ግን አይሸፈንም። እኛ ጋ ደግሞ አለቃው መጀመሪያ የራሱን ቢናገር ብዙ አፍ ይከፈታል ብዬ አምናለሁ።

«ስህተት የሚበዛበት ክፍል ደካማ ነው።»

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት፣ ጥሩ የሚመሩ የሆስፒታል ክፍሎች የመድኃኒት ስህተት በብዛት ሲመዘገብባቸው አገኘች። አንዱ ምክንያት ሠራተኞቹ ስህተቱን ስለማይደብቁ ነው።

«ትልቅ ስብሰባ ይጠይቃል።»

አይጠይቅም። አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ ተነግሮ ያልቃል።

«ተጠንቀቁ ማለት ይበቃል።»

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን የሚወርድ አዲስ ሹፌር «ተጠንቀቅ» ቢባል ምን ይይዛል? የቆየ ሹፌር እንዲህ ቢለው ግን ይጠቅመዋል፦ «ጭነት ይዤ ነበር። መንገዱን አውቀዋለሁ ብዬ ማርሽ ሳልቀንስ ገባሁበት። በፍሬን ብቻ ስወርድ ፍሬኑ ጋለና መያዝ አቃተው። ሽታው ቀድሞ መጥቶ ነበር፣ ናቅኩት። አሁን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ እቀንሳለሁ፤ ከሸተተኝም እቆማለሁ።»