የሕዝብ የመድብለ ፓርቲ ዴሞክራሲ ምንድን ነው? የኔፓላዊው መደን ብሃንዳሪ መስመር

የሕዝብ የመድብለ ፓርቲ ዴሞክራሲ፣ በኔፓልኛ «ጀነታኮ ባሁደሊየ ጀነባድ»፣ ኮሚኒስቱ መደን ብሃንዳሪ የነደፉት የፖለቲካ መስመር ነው። ፍሬ ነገሩ፣ ኮሚኒስት ፓርቲ አገር የመምራት መብት የሚያገኘው ታሪክ ስለ ሾመው ሳይሆን ከሌሎች ፓርቲዎች ጋር በነጻ ምርጫ ተወዳድሮ ሕዝቡ ሲመርጠው ነው፣ ሲሸነፍም ሥልጣኑን አስረክቦ በተቃዋሚነት ይቀመጣል የሚል ነው። የሕገ መንግሥት የበላይነት፣ የሥልጣን ክፍፍል፣ የሰብአዊ መብት ጥበቃና በየጊዜው የሚደረግ ምርጫም የመስመሩ አካላት ናቸው።

ይህ አቋም ከምን ዓይነት ድርጅት እንደ ወጣ ሲታይ ያስገርማል። ንጉሥ ማሄንድራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መባቻ ፓርቲዎችን ካገዱ በኋላ ኔፓል ለ30 ዓመታት ያህል ፓንቻያት በተባለው ፓርቲ አልባ ሥርዓት ስትገዛ ኖረች። በ1971 በምሥራቃዊው የጅሃፓ ወረዳ፣ ከድንበሩ ማዶ በሕንዷ ናክሳልባሪ የተቀሰቀሰውን ዐመፅ አርአያ ያደረጉ ወጣት ኮሚኒስቶች «የመደብ ጠላት» ያሏቸውን ሰዎች መግደል ጀመሩ። በ1978 በኅቡዕ የተመሠረተው የኔፓል ኮሚኒስት ፓርቲ (ማርክሲስት ሌኒኒስት) የዚህ ንቅናቄ ወራሽ ሲሆን፣ በታፕሌጁንግ ተወልደው በሕንድ ባናራስ የተማሩት ብሃንዳሪ በ1989 ዋና ጸሐፊው ሆኑ።

በ1990 ሕዝባዊ ንቅናቄ ንጉሥ ቢሬንድራን አስገድዶ እገዳውን ሲያስነሣ፣ ብሃንዳሪ ከኅቡዕ ወጥተው በአደባባይ ተናጋሪነታቸው ታወቁ። በ1991 መጀመሪያ ፓርቲያቸው ከሌላ የማርክሲስት ፓርቲ ጋር ተዋሕዶ የኔፓል ኮሚኒስት ፓርቲ (የተባበረው ማርክሲስት ሌኒኒስት)፣ በአጭሩ ዩኤምኤል የሚባለው ድርጅት ሲመሠረት ዋና ጸሐፊነቱን ያዙ። በዚያው ዓመት ምርጫ ዩኤምኤል ከ205 መቀመጫዎች 69 ሲያገኝ፣ እርሳቸው በካትማንዱ የጊዜውን ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪሽና ፕራሳድ ብሃታራይን አሸነፉ። ምርጫን መሠረት ያደረገ መስመር በዚህ ድል ማግስት ሰሚ ማግኘቱ አያስደንቅም፤ ሆኖም በ1993 በተካሄደው አምስተኛ ጉባኤ የጸደቀው ያለ ሙግት አልነበረም። ሲ.ፒ. ማይናሊን የመሳሰሉ መሪዎች ከቻይናው ማኦ የተወረሰውን፣ በኮሚኒስት ፓርቲ መሪነት በአብዮት የሚቋቋመውን «አዲስ የሕዝብ ዴሞክራሲ» አልለቀቁም ነበር።

ጉባኤው ካበቃ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ግንቦት 16 ቀን 1993 እ.ኤ.አ.፣ ብሃንዳሪና ጓዳቸው ጂቭ ራጅ አሽሪት የተሳፈሩበት ጂፕ በቺትዋን ወረዳ፣ ዳስዱንጋ በተባለ ቦታ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ሞቱ። ሾፌሩ መትረፉ ሴራ አለበት የሚለውን ጥርጣሬ አባባሰው። ባለቤታቸው ቢድያ ዴቪ ብሃንዳሪ በ2015 የኔፓል የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

የመስመሩ ደካማ ጎን፣ በእኔ ግምት፣ ሥልጣን እንዴት እንደሚያዝና እንደሚለቀቅ ግልጽ አድርጎ፣ ከዚያ ወደ ሶሻሊዝም የሚወስደውን መንገድ ግን በጥቅሉ መተዉ ነው። በ1996 የትጥቅ ትግል የጀመሩት ማኦኢስቶች ይህን ምርጫ ተኮር ጉዞ እንደ ክህደት ቢቆጥሩትም፣ ከአሥር ዓመት ጦርነት በኋላ ራሳቸው ወደ ምርጫ ገብተዋል።

መስመሩ በተግባር የተፈተነው ግን ከዚያ በፊት ነበር። በ1994 የዩኤምኤል ሊቀ መንበር ማን ሞሃን አዲካሪ አብላጫ ድምፅ በሌለው ፓርላማ መንግሥት መሥርተው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት ፓርላማውን አስበትነው አዲስ ምርጫ ለማካሄድ ቢሞክሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ በመስከረም 1995 እ.ኤ.አ. ፓርላማው እምነት ሲነፍጋቸውም ኮሚኒስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ከዘጠኝ ወራት ሥልጣን በኋላ ቢሯቸውን ለቀው ወደ ተቃዋሚ ወንበር ተመለሱ።