ካር-ቲ ሴል እና የአንጎል ካንሰር፦ ከጥቁር አንበሳ በር ሲታይ

ካር-ቲ ሴል ከታማሚው ደም ተለይቶ ወጥቶ፣ ካንሰሩን እንዲያውቅ በላቦራቶሪ የተለወጠ የመከላከያ ሴል ነው (ካር ሲባል መኪና የሚመስለው አይጠፋም፤ ምህጻረ ቃል ነው)። በደም ካንሰር ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ግሊዮብላስቶማ በሚባለው፣ እጅግ ክፉ በሆነው የአንጎል ካንሰር ላይ ግን ገና ሙከራ ነው።

መሃል አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር ላይ በሽታው በፖስታ ይመጣል። አስታማሚው የኤምአርአይ ፊልሙን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይገባል። ፊልሙ ላይ ነጭ ቀለበት ይታያል፤ መሃሉ ጠቆር ያለው የሞተ የዕጢ ሥጋ ነው። ራስ ምታቱን በማስታገሻ፣ ከዚያም በጠበል ሲታገል የከረመ ብዙ ነው። መደበኛው ሕክምና እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ እምብዛም አልተለወጠም፦ ቀዶ ጥገና፣ 6 ሳምንት ጨረር፣ ቴሞዞሎማይድ የሚባል እንክብል። በዚያ ዓመት በታተመው ጥናት፣ ጨረር ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ12.1 ወር በላይ ኖሩ፤ እንክብሉ ሲጨመር ይህ 14.6 ወር ሆነ። ትርፉ ሁለት ወር ተኩል!

ሴሉን ማዘጋጀት ሳምንታት ይፈጃል። ቲ ሴሉ ከደም ይለያል፣ እንዳይራባ በተደረገ ቫይረስ አዲስ ዘረ-መል ይገባለታል፣ ከዚያ ሴሉ እንዲባዛ ይደረጋል፣ ብዙ ጊዜም በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣል። ናይትሮጅኑስ ብርቅ አይደለም፤ የከብት አዳቃዮቻችን የኮርማ ዘር ይዘውበት ይዞራሉ። ብርቁ ንጹህ ክፍሉና ዋጋው ነው።

ዕጢው አንድ መልክ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ሙከራ፣ በካንሰሩ ሴሎች ላይ ካሉ መለያ ምልክቶች አንዱን ብቻ ለይቶ የሚያጠቃ ሴል ለ10 ሕሙማን ተሰጠ፤ ምልክቱ ቀነሰ፣ ዕጢው ግን አልጠፋም። ስለዚህ ሁለት ምልክት የሚያጠቁ ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ያለው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞች ባሳተሙት ሙከራ እንዲህ ያለውን ሴል ለ3 ሰዎች፣ ከራስ ቆዳ ሥር በተቀበረች ትንሽ ቋት በኩል ወደ አንጎል ፈሳሽ ሰጡ። የአንዲት የ57 ዓመት ሴት ዕጢ በ5 ቀን ከፊልሙ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። የ72 ዓመቱ ሰው ዕጢ ከ60 በመቶ በላይ ሟሸሸ፤ ከ6 ወር በላይም እንደዚያው ቆየ። የሌሎቹ የሁለቱ ተመልሶ አደገ።

ሴሎቹ ሲዋጉ አንጎል ሊያብጥ ይችላል። እብጠቱን የሚያበርደው ዴክሳሜታዞን ደግሞ ሴሎቹን ራሳቸውን ያዳክማል። እዚህ አስታማሚው ከመድኃኒት ቤት ቀድሞ ይዞ የሚመለሰውም ያንኑ ዴክሳሜታዞን ነው፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ራስ ምታቱ ቀለል ይላል።