ልዩ ዓላማ ድጎማ ምንድን ነው? ወንጀል ነክ ጉዳይ ውስጥ ለገቡ ልጆችስ ምን ይፈይዳል?

ልዩ ዓላማ ድጎማ የሚባለው የላይኛው የመንግሥት እርከን ለታችኛው የሚሰጠው፣ ከወዲሁ ተለይቶ ለታወቀ ሥራ ብቻ የሚውል ገንዘብ ነው። ጥቅል ድጎማ ግን በቀመር ተሰልቶ በድምር ይመጣል፤ ተቀባዩ ክልል ወይም ወረዳም በምክር ቤቱ አማካይነት ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለፍትሕ ይደለድለዋል። ይህ ልዩነት የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ጥፋት የሠራ ልጅ ከፍርድ ቤት ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው፣ ከሕጉ አንቀጽ ይልቅ፣ ብዙ ጊዜ ይኸው የገንዘቡ ዓይነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ባለችው በመሐል ሜዳ ከተማ የገበያ ቀን አንድ የ13 ዓመት ልጅ የሰው በግ ነድቶ ሊሸጥ ሲል ተያዘ እንበል። የመንዝ በግ ከሥጋው ሌላ ለባና (ለሱፍ ብርድ ልብስ) የሚፈተለው ጸጉሩም ሀብት ነውና ባለቤቱ በቀላሉ አይተወውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጨርሶ በወንጀል ተጠያቂ አያደርገውም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ ለአዋቂ የተደነገገው መደበኛ ቅጣት እንዳይፈጸምበትና ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር እንዳይታሰር በአንቀጽ 53 ይከለክላል። ስለዚህ ዳኛው ልጁን ሊገሥጸው፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ እንዲቆይ ሊያዝ፣ ታማኝ ዘመድ ወይም ድርጅት በቅርብ እየተከታተለው እንዲማር ሊወስን፣ ነገሩ ከከበደም ከ1 እስከ 5 ዓመት ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ሊልከው ይችላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 በማረሚያ ተቋም የሚገኙ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል።

እነዚህ ሁሉ ድንጋጌዎች ሰውና ገንዘብ ይጠይቃሉ። ተለይቶ መያዝ ማለት በተግባር አንድ ተጨማሪ ክፍል፣ በር፣ ፍራሽና ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። በቅርብ ክትትል ሥር መማር ደግሞ፣ ከወረዳው ከተማ ተነሥቶ ገደል ለገደል ወደ ልጁ ቀበሌ የሚወርድ፣ እናቱን አነጋግሮ የትምህርት ቤቱን የክትትል መዝገብ የሚያይና ለዳኛው ጽፎ የሚያቀርብ ማኅበራዊ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ውሎ አበሉና የትራንስፖርቱ ሒሳብ ካልተያዘ ትእዛዙ ከወረቀት አያልፍም። የሚከታተል ሰው በሌለበት ዳኛው እጅ ላይ የሚቀረው ወይ ልጁን ገሥጾ መልቀቅ ወይም ከቤተሰቡ አርቆ ወደ ተቋም መላክ ነው። ሁለቱም በጉን ለምን እንደ ነዳው ሳይጠይቁት ሊያልፉ ይችላሉ።

የወረዳ በጀት ይህን የማይሸፍነው ኃላፊዎቹ ስለማይገዳቸው አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ወረዳዎች ጥቅል ድጎማ ከክልሉ ያገኛሉ፤ ከዚህ አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ የደረሰውን ውድመት ያስታወሰ ሰው፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ መጠገን ያለበት ምክር ቤት ለጥቂት ልጆች ክትትል ገንዘብ ባይመድብ አይፈርድበትም። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ወላጆቻቸውም አብዛኛውን ጊዜ ድምፃቸው የማይሰማ ድሆች ናቸው። በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም የሚመለስ ብድር እንጂ ድጎማ አይደለም፤ ለሥራ ፈጠራ ስለተዘጋጀም የ13 ዓመት ልጅ አይደርስበትም።

ልዩ ዓላማ ድጎማ ይህን ክፍተት እንዴት ሊሞላ እንደሚችል አሜሪካ ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው የወጣት አጥፊዎች ፍትሕና የጥፋት መከላከል ሕግ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለክፍለ ግዛቶቹ ገንዘቡን የሚሰጠው ከግዴታ ጋር አስሮ ነው። ከግዴታዎቹ መካከል ልጆች በአዋቂዎች እስር ቤት እንዳይያዙ፣ ከአዋቂ እስረኞችም ጋር በዐይንም በድምፅም እንዳይገናኙ፣ እንዲሁም ከትምህርት ቤት መቅረትን ወይም ከቤት መጥፋትን በመሰለ፣ አዋቂ ቢያደርገው ወንጀል በማይሆን ጉዳይ እንዳይታሰሩ ማድረግ ይገኛሉ። አንዱን ግዴታ የጣሰ ክፍለ ግዛት ከድርሻው 20 በመቶ ይቀነስበታል። ከሚሰጠው ገንዘብም በመርህ ደረጃ ሁለት ሦስተኛው ወደ አካባቢ አስተዳደሮችና ወደ አካባቢ ድርጅቶች መውረድ አለበት። ለእኔ የሕጉ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ልጁ በሚታወቅበት ሰፈር ይውላል፣ መለኪያው ግን ከላይ ይመጣል።

እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለው ድጎማ የራሱ ሸክም አለው። ተቀባዩ የተለየ ሒሳብ መያዝና በየጊዜው ሪፖርት ማቅረብ አለበት፤ ገንዘቡ ሲቋረጥም የተቀጠረው ማኅበራዊ ሠራተኛ አብሮ ሊቋረጥ ይችላል። ይህ እንዳይሆን ወረዳው ከራሱ ገቢ ጥቂትም ብትሆን ድርሻ እንዲያዋጣ ከመጀመሪያው ግዴታ ቢገባ ይሻላል። በእኛ አገር የድጎማው መንገድ አዲስ ስላልሆነ የሚያስፈልገው ዓላማውን ወደ እነዚህ ልጆች ማዞር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ጥያቄው የሚሰናዳው ቀደም ብሎ ነው፤ በዚያን ጊዜ የወረዳው ፍርድ ቤት፣ ፖሊስና የሕፃናት ጉዳይ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በዓመቱ ስንት ልጅ እንደ ቀረበ፣ ስንቱ ከአዋቂ ጋር እንዳደረና ስንቱ ትምህርቱን እንዳቋረጠ በአንድ ሠንጠረዥ አስፍረው ለምክር ቤቱና ለዞኑ በጋራ ሊያቀርቡ ይችላሉ።